ከንቲባ ስለሌለው ከተማ

በዚህ ዓመት የትምህርት ቤታችን የክርክር ክበብ ካቀረባቸው አርእስቶች አንዱ «አንድ ከተማ በዙሪያው ያሉትን መንደሮች ነዋሪዎቻቸውን ሳይጠይቅ ወደ ራሱ ሊጠቀልል ይገባዋል ወይስ አይገባውም?» የሚል ነበር። እኔ «ይገባዋል» ከሚሉት ወገን ሆኜ ተከራከርሁ፤ ተሸነፍሁም። በዚያን ቀን በአዳራሹ የነበራችሁ ሁሉ ስለምታስታውሱት ልሸሽገው አልችልም። መምህራችን በማግስቱ ጠርተው «ነገሩን ከጀመርኸው አይቀር አጥንተህ ለመጽሔቱ ጻፈው» ስላሉኝ ይህን ለመጻፍ ተነሣሁ። ወላጆቻችንም ስለሚያነቡት፥ በክርክሩ ላይ ያልነበረ ሰው እንዲገባው አድርጌ ለማስረዳት እሞክራለሁ። የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከክርክሩ አስቀድሞ ነገሩን በልቤ ያስገባው አንድ የስልክ ጨዋታ ነው። አክስቴ በአሜሪካ አገር፥ በሜሪላንድ ግዛት፥ ሲልቨር ስፕሪንግ በተባለ ስፍራ መኖር ከጀመሩ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ስፍራው ከዋሺንግተን ከተማ በስተሰሜን ከወሰኑ ጋራ ተያይዞ የሚገኝ ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን ስለሚኖሩበት ስሙ ለአብዛኞቻችን እንግዳ አይደለም። አንድ ቀን ስለ ትምህርቴ ሲጠይቁኝ እኔም በተራዬ «የከተማችሁ ከንቲባ ማን ይባላሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ከንቲባ የለንም» አሉኝ።

«ተሽረው ነው?»

«አልተሻሩም፤ ኖረውም አያውቁ። እኛ እኮ በሕግ ከተማ አይደለንም ይላሉ።»

ባቡር የሚመላለስበት፥ ፎቅ በፎቅ ሆኖ የተሠራ፥ ሲኒማ ቤትና የገበያ አዳራሽ ያለው ስፍራ ከተማ ካልተባለ ምን ሊባል ነው? አክስቴ የሚቀልዱብኝ መስሎኝ ነበር። ኋላ መጽሐፍ አገላብጬ ስመረምረው ግን ነገሩ እውነት ሆኖ አገኘሁት።

የሜሪላንድ ግዛት በ23 ካውንቲዎችና በባልቲሞር ከተማ የተከፋፈለ ነው። ካውንቲ ማለት በእኛ አገር ቀድሞ አውራጃ ይባል የነበረውን የሚመስል ነው፤ ነገር ግን በአክስቴ ካውንቲ ዋናው ሹምና የምክር ቤቱ አባሎች በነዋሪው የሚመረጡ ናቸው። በካውንቲው ውስጥ ያለ አንድ መንደር የራሱ ማዘጋጃ ቤት እንዲኖረው ከፈለገ ቻርተር፥ ማለት የመቋቋሚያ ሕግ፥ ማግኘት አለበት። ቻርተር ካገኘ የራሱን አስተዳዳሪዎች ይመርጣል፤ ግብር ይጥላል፤ ደንብ ያወጣል። ካላገኘ ግን ሰው ቢበዛበትም፥ ሰማይ ጠቀስ ቤት ቢሠራበትም፥ በሕግ ፊት የካውንቲው መሬት ከመሆን አያልፍም። በግዛቱ ውስጥ ማዘጋጃ ቤት ያላቸው ከተሞችና መንደሮች 157 ናቸው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ከእነዚህ አንዱ አይደለም።

በ2020 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ በሲልቨር ስፕሪንግ 81,015 ሰዎች ተቆጥረዋል። ይህ ቍጥር የተገኘው የቆጠራው መሥሪያ ቤት ለሥራው እንዲመቸው ብቻ ባሰመረው ወሰን ነው። ፖስታ ቤቱ ደግሞ ከዚህ በጣም ለሚሰፋ አካባቢ ሁሉ ይህንኑ ስም ይሰጠዋል። ስለዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ በፖስታ ላይ አለ፤ በቆጠራ መዝገብ ላይ አለ፤ በባቡር ጣቢያው ላይ ተጽፎ ይታያል፤ ማኅተም ያለው ማዘጋጃ ቤት ግን የለውም። እርሱ ብቻም አይደለም። በዚያው በሞንትጎመሪ ካውንቲ ጀርመንታውን የሚባለው ስፍራ 91,249 ሰው ይዞ ከንቲባ የለውም፤ የካውንቲው መቀመጫ የሆነችው ሮክቪል ግን ከንቲባ አላት።

እዚህ ላይ እኔ የተሳሳትሁትን አንባቢም እንዳይሳሳት ላስገንዝብ። ከንቲባ የለውም ማለት አስተዳደር የለውም ማለት አይደለም። ፖሊሱም፥ ትምህርት ቤቱም፥ ቤተ መጻሕፍቱም የካውንቲው ነው። ውሃውን የሚያቀርበው በ1918 የተቋቋመውና ሞንትጎመሪንና ጎረቤቱን ፕሪንስ ጆርጅስን በአንድነት የሚያገለግለው የውሃ ድርጅት ነው። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ራሱን በራሱ የሚያስተዳድርበትን ቻርተር ያገኘው በ1948 ሲሆን፥ ዋናውን ሹም በሕዝብ ድምፅ መምረጥ የተጀመረው በ1970 ነው። በ1938 ተሠርቶ ኋላ የተዘጋውን የሲልቨር ስፕሪንግ ሲኒማ ቤት ገዝቶ በማሳደስ በ2003 እንደገና እንዲከፈት ያደረገው፥ በ2010ም የሕዝብ አዳራሽና አደባባይ ሠርቶ የሰጠው ይኸው ካውንቲ ነው። አክስቴም «በአስተዳደሩ በኩል ይህን ያህል የጎደለብኝ ነገር የለም» ይላሉ።

ታዲያ ጉዳዩ ምን ላይ ነው? የአክስቴ ልጅ የነገረችኝን ላውጋ።

ከእነርሱ ቤት ጥቂት እንደ ተራመዱ ቴኮማ ፓርክ የሚባል ሌላ ስፍራ ይገኛል። ቤቱ ከቤት፥ ዛፉ ከዛፍ ስለሚመሳሰል ወሰኑን የማያውቅ ሰው የት ላይ እንደ ተሻገረ አይለየውም። ቴኮማ ፓርክ ግን በ1890 ቻርተር ያገኘ ከተማ ነው። ሕዝቡ በ2020 ቆጠራ 17,629 ብቻ ሲሆን፥ አንድ ከንቲባና ከስድስት ቀጠናዎች የሚመረጡ ስድስት የምክር ቤት አባሎች አሉት። የራሱ ፖሊስና የራሱ ቤተ መጻሕፍትም አለው። በ2013 ደግሞ 16 ዓመት የሞላው ነዋሪ ሁሉ በከተማው ምርጫ ድምፅ እንዲሰጥ ደነገገ፤ በአሜሪካ ይህን በማድረግ የመጀመሪያው ከተማ ነው። በ2024 ኅዳር በተደረገው ምርጫ የአክስቴ ልጅና ጓደኛዋ ሁለቱም 16 ዓመታቸው ነበር። ጓደኛዋ ከወሰኑ ወዲያ ስለምትኖር ሄዳ ከንቲባ መረጠች። የአክስቴ ልጅ ከወሰኑ ወዲህ በመሆኗ ዕድሜዋ ቢደርስም የምትመርጠው ከንቲባ አልነበራትም። ሁለቱ በአንድ ትምህርት ቤት፥ በአንድ ወንበር የሚቀመጡ ናቸው፤ ትምህርት ቤቱ የካውንቲው ስለሆነ በዚያ በኩል ወሰን አይለያቸውም።

የእናትየዋ ነገር ከዚህ ይብሳል። አክስቴ የመኖሪያ ፈቃድ ያላቸው እንጂ የአሜሪካ ዜግነት ያልወሰዱ ናቸው። የካውንቲውን ሹምና ምክር ቤት ለመምረጥ ዜግነት ያስፈልጋል። ስለዚህ በሚኖሩበት ስፍራ ግብር ይከፍላሉ፤ ድምፅ ግን በምንም ምርጫ አይሰጡም። ቴኮማ ፓርክ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎቹ በከተማው ምርጫ እንዲካፈሉ የፈቀደው በ1992 ነው። አክስቴ ቤታቸውን በጥቂት መንገዶች ወደ ደቡብ አሳልፈው ቢከራዩ ኖሮ ከንቲባ ይመርጡ ነበር ማለት ነው።

በዚህ ላይ ሒሳብ ሠርቻለሁ። የሞንትጎመሪ ምክር ቤት ከ2022 ምርጫ ወዲህ 11 አባሎች ሲኖሩት፥ አራቱ በመላው ካውንቲ፥ ሰባቱ በየቀጠናቸው ይመረጣሉ። የካውንቲውን ሕዝብ፥ ማለት 1,062,061ን፥ ለሰባት ብናካፍለው ለአንድ የቀጠና እንደራሴ 150,000 ያህል ሰው ይደርሰዋል። የቴኮማ ፓርክን ሕዝብ ለስድስት ብናካፍለው ግን 2,900 ያህል ብቻ ነው። 2,900 ሰው ያለው እንደራሴ መራጮቹን በገበያም፥ በጸሎት ቤትም ያገኛቸዋል፤ 150,000 ያለው ግን እንዴት አድርጎ ያውቃቸዋል? ካውንቲው ይህን ለማቃለል በአምስት ስፍራ የአገልግሎት ጽሕፈት ቤት ከፍቷል፤ አንዱ በሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የነዋሪዎች አማካሪ ቦርድም አለ። ነገር ግን የጽሕፈት ቤቱ ሹም ይሾማል እንጂ አይመረጥም፤ ቦርዱም ምክር ይሰጣል እንጂ አያዝዝም።

ይሁን እንጂ የራስ ከንቲባ በነጻ አይገኝም። በቴኮማ ፓርክ ቤት ያለው ሰው ለካውንቲው ከሚከፍለው በላይ ለከተማው ሌላ የቤት ግብር ይከፍላል። ከተማው ራሱ ለሚሠራቸው አገልግሎቶች ካውንቲው ጥቂት ገንዘብ ይመልስለታል፤ ሆኖም ልዩነቱ በኪስ ይታወቃል። ትንሽ መሆንም ሁልጊዜ አይጠቅምም። የቤት ኪራይን ብንመለከት፥ ቴኮማ ፓርክ የኪራይ ጭማሪን በደንብ መወሰን የጀመረው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን፥ ካውንቲው ተመሳሳይ ሕግ ያወጣው ከአርባ ዓመት በኋላ በ2023 ነው። ትንሹ ቀደመ፤ ትልቁ ዘገየ። ትልቁ ሲነሣ ግን ሕጉ በብዙ ሺህ ለሚቆጠሩ ተከራዮች በአንድ ጊዜ ደረሰላቸው። የትኛው ይሻላል ብትሉኝ ለመመለስ ያስቸግረኛል።

አንባቢ «ታዲያ ዋሺንግተን ለምን አይጠቀልላቸውም?» ይል ይሆናል። እኔም መጀመሪያ ያሰብሁት ይህንኑ ነበር። የዋሺንግተን ወሰን ግን እንደ ሌላ ከተማ ወሰን የሚገፋ አይደለም። በ1791ና በ1792 ከቨርጂኒያና ከሜሪላንድ በተቈረሰ መሬት ላይ፥ በእያንዳንዱ ጎን አሥር ማይል ሆኖ፥ በ40 ድንጋዮች ተከልሎ የተሠመረ ነው። የቨርጂኒያው ድርሻ በ1846 ተመልሷል። የሰሜኑ የማዕዘን ድንጋይ ዛሬም በሲልቨር ስፕሪንግ በአንድ መንገድ ዳር ቆሞ ይገኛል። የአክስቴ ልጅ ፎቶግራፉን አንሥታ ልካልኛለች፤ በብረት አጥር የታጠረ፥ ከወገብ የማይበልጥ ድንጋይ ነው። ደግሞም የዋሺንግተን ሰው በ1973 በወጣ ሕግ ከንቲባና ምክር ቤት ይመርጣል እንጂ፥ የከተማውን ሕግ የአገሩ ምክር ቤት ሊሽረው ይችላል፤ በዚያ ምክር ቤትም ድምፅ የሚሰጥ እንደራሴ የለውም። ከሲልቨር ስፕሪንግ መንገድ ተሻግሮ ወደ ዋሺንግተን የገባ ዜጋ ከንቲባ ያገኛል፤ ሁለት ሴናተሮቹን ግን ያጣል። በእግር አንድ ሰዓት በማይፈጅ መንገድ ላይ ሦስት ዓይነት አገዛዝ አለ፤ መሬቱ ግን አንድ ነው።

በእኛ አገር ገጠርም ይሁን ከተማ ሰው ሁሉ ቀበሌና ወረዳ ስላለው እንዲህ ያለ «ከተማ ያልሆነ ከተማ» አይገኝም። የወሰን ነገር ግን ለእኛም እንግዳ አይደለም። የአዲስ አበባና የኦሮሚያ ወሰን በ2022 ነሐሴ በስምምነት ሲሠመር፥ የጋራ መኖሪያ ቤት የነበራቸው ሰዎች ቤታቸው ሳይነቃነቅ አስተዳደራቸው ተለውጧል።

አሁን ወደ ክርክሩ ልመለስ። «ከተማ ሳይጠይቅ ይጠቅልል» ብዬ የተነሣሁት ከሲልቨር ስፕሪንግ አርባ ማይል በማይሞላ ርቀት ላይ የምትገኘውን ባልቲሞርን ይዤ ነው። የባልቲሞር ታሪክ ለእኔ ወገን እጅግ የሚረዳ ይመስል ነበር፤ አሁንም ቢሆን ጉልበት ያለው ማስረጃ ነው እላለሁ።

በ1888 ባልቲሞር በዙሪያዋ ያሉትን ሦስት ሰፈሮች ለመጨመር ፈልጋ ነዋሪዎቹን በድምፅ ጠየቀች። ግብራችሁ እስከ 1900 ድረስ ከፍ አይልም የሚል ተስፋም ሰጠቻቸው። የሰሜኑና የምዕራቡ ሰፈር ተስማሙ፤ የምሥራቁ እንቢ አለ፤ እንቢ ያለውም ቀረ። በ1918 ግን የግዛቱ ምክር ቤት ማንንም ሳይጠይቅ በሕግ ወሰኑን አስፍቶ ከተማይቱን ከ30 ያህል ስኩዌር ማይል ወደ 90 ያህል አሳደጋት። በዙሪያዋ የነበሩት ሰዎች ይህን አልረሱም። በ1948 የግዛቱ ሕገ መንግሥት ተሻሽሎ፥ ባልቲሞር ነዋሪዎቹ በድምፅ ካልፈቀዱ ከእንግዲህ አንድ ጋሻ መሬት እንኳ እንዳትጨምር ተደነገገ። ከዚያ ወዲህ ወሰኗ አልተነቃነቀም።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ቍጥሩ ይናገራል። ባልቲሞር ከተማ በ1950 ሕዝቧ 949,708 ነበር፤ በ2020 ግን 585,708 ሆነ። በዙሪያዋ ያለው ባልቲሞር ካውንቲ፥ ከከተማይቱ የተለየ ነው፥ በ1950 ከነበረው 270,273 ተነሥቶ በ2020 854,535 ደረሰ። ካውንቲው በሙሉ አንድም ማዘጋጃ ቤት የለውም። ገንዘብ ያለው ሰው ወሰኑን ተሻግሮ ሄደ፤ ግብሩም አብሮት ሄደ፤ አሮጌው የውሃ ቧንቧ፥ ድኃውና ሕመምተኛው በከተማይቱ ቀሩ። የወጣው ሰው ግን ሥራውን፥ ሆስፒታሉንና ወደቡን በከተማይቱ እየተጠቀመ ይኖር ነበር። እኔም በአዳራሹ ቆሜ «ማዕዱን እየበሉ ወጪውን መሸሽ ትክክል ነውን?» ብዬ ጠየቅሁ። ጭብጨባም አግኝቼ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ባልቲሞርን የጎዳት ወሰኑ ብቻ አይደለም። ፋብሪካዎች ተዘግተዋል፤ ጥቁሮች ወደ ውጭው መንደር እንዳይገቡ ለብዙ ጊዜ ተከልክለዋል። ይህን በክርክሩ ላይ አልተናገርሁም፤ ተከራካሪ ነበርሁና። እዚህ ግን መሸፈን አይገባኝም።

የወገኔ ሁለተኛው ተናጋሪ ደግሞ ሂዩስተንን አመጣ። በቴክሳስ የምትገኘው ይህች ከተማ ለብዙ ዓመታት ዙሪያዋን እየጠቀለለች ያደገች ሲሆን፥ በ2020 ሕዝቧ 2,304,580 ነበር። በ1996 ኪንግዉድ የሚባለውን ሀብታም መንደር ነዋሪዎቹ እየተቃወሙ ወሰደችው። ጓደኛዬ «እነሆ፥ ጠቅልላ ከበረች» አለ። ተቃራኒዎቻችን ግን የኪንግዉድ ሰዎች ቍጣ ሳይበርድ ቈይቶ፥ የቴክሳስ ምክር ቤት በ2017ና በ2019 ባወጣቸው ሕጎች ከተሞች ያለ ነዋሪዎች ፈቃድ እንዳይጠቀልሉ እንደ ከለከለ አንብበው ነበር። ማስረጃችን በገዛ እጃችን ላይ ተሰበረ።

ያሸነፈችን ግን አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት። እስከ መጨረሻው ዝም ብላ ተቀምጣ ከቈየች በኋላ ተነሥታ «ወሰን ሰውን ለማስገባት ብቻ የሚሠመር መሰላችሁን?» አለች። ከዚያም የቱስኪጊን ታሪክ ነገረችን። ቱስኪጊ በአላባማ ግዛት ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ወሰኗ አራት ማዕዘን ነበር። በከተማይቱ የሚመዘገቡ ጥቁሮች መራጮች እየበዙ በሄዱ ጊዜ የግዛቱ ምክር ቤት በ1957 ወሰኑን ለውጦ 28 ጎን ያለው ቅርጽ አደረገው። በዚህም 400 ከሚያህሉት ጥቁሮች መራጮች ከአራት ወይም ከአምስት በቀር ሁሉም ከከተማው ውጭ ሆነው ሲቀሩ፥ ከነጮቹ መራጮች አንድም አልወጣም። ቻርልስ ጎሚሊየን የተባሉ የኮሌጅ መምህርና ጓደኞቻቸው ክስ መሠረቱ፤ በ1960 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአንድ ድምፅ ፈረደላቸው። ልጅቷ ይህን ከተናገረች በኋላ ወደ እኔ ዞራ «ሳይጠየቅ ይሠመር ካልህ፥ እርሳሱን የሚይዘው ማን ነው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ዳኞቹም ብዙ አልተመካከሩም።

ከተሸነፍሁ በኋላ ሳነብ ያገኘሁት አንድ ነገር ግን አለ፤ በዚያን ቀን ባውቀው ኖሮ እንዲህ በቀላሉ ባልወደቅሁ ነበር ብዬ እቈጫለሁ። ይህም የሪችመንድ ነገር ነው። የቨርጂኒያ ግዛት ዋና ከተማ የሆነችው ሪችመንድ በ1970 መጀመሪያ ከቼስተርፊልድ ካውንቲ 23 ስኩዌር ማይል ያህል መሬት ጠቀለለች። በመሬቱ ላይ ከ47,000 በላይ ሰው ይኖር ነበር፤ አብዛኛውም ነጭ ነበር። ከዚህ በፊት ከከተማይቱ ሕዝብ ከመቶ 52 የሚሆነው ጥቁር ሲሆን፥ ከተጠቀለለ በኋላ ከመቶ 42 ሆነ። ከርቲስ ሆልት የተባሉ የከተማይቱ ነዋሪ በ1971 ከሰሱ። ነገሩ በፍርድ ቤት ሲታይ የከተማው ምክር ቤት ምርጫ ከ1970 እስከ 1977 ሳይደረግ ቀረ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1975 ጉዳዩን ከመረመረ በኋላ፥ መሬቱ በከተማይቱ ውስጥ ቢቀርም ምርጫው በዘጠኝ ቀጠናዎች እንዲሆን ተደረገ። በ1977ም ጥቁሮች በምክር ቤቱ ውስጥ አብላጫውን ቦታ ያዙ፤ ሄንሪ ማርሽ የመጀመሪያው ጥቁር ከንቲባ ሆኑ።

እኛ በክርክሩ ላይ «ሳይጠየቁ» ስንል ሁላችንም ያሰብነው ከውጭ ያሉትን፥ የሚጠቀለሉትን ሰዎች ነበር። በሪችመንድ ግን ድምፃቸው የቀለለባቸው ከውስጥ የነበሩት ናቸው። አዲስ ሰው በገባ ቍጥር የነባሩ ሰው ድርሻ ይለወጣልና፥ እርሱንም የሚጠይቀው ሊኖር ይገባል። የሜሪላንድ ሕግ በዚህ በኩል አስተዋይ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ከባልቲሞር ሌላ ያለ ማዘጋጃ ቤት ተያያዥ መሬት ለመጠቅለል ሲፈልግ፥ በዚያ ከሚኖሩት መራጮች ቢያንስ ከመቶ 25 የሚሆኑት፥ እንዲሁም በግምት ከመቶ 25 የሚሆነውን ንብረት የያዙ ባለቤቶች መፍቀድ አለባቸው። ይህም ሆኖ በሚጠቀለለው ስፍራ ወይም በከተማው ውስጥ ካሉት መራጮች ከመቶ 20ው ከፈረሙ ነገሩ ለሕዝብ ድምፅ ይቀርባል። ከውጭም ከውስጥም መጠየቅ ማለት ይህ ነው። ከቀድሞው አሳቤ ወደዚህ መጥቻለሁ፤ መምህራችንም «መለወጥህን ጻፍ» ስላሉኝ ጽፌዋለሁ።

ሆኖም የባልቲሞር ጥያቄ ከልቤ አልወጣም። ሁሉም ተጠይቆ ሁሉም እንቢ ካለ ድኃይቱ ከተማ ብቻዋን ትቀራለች። እኔ የሚመስለኝ፥ ወሰኑን መግፋት በፈቃድ ይሁን፤ ለሆስፒታል፥ ለውሃና ለመንገድ የሚሆነው ገንዘብ ግን ከወሰኑ ወዲያና ወዲህ ካለው ሰው ሁሉ ይሰብሰብ። ሞንትጎመሪና ፕሪንስ ጆርጅስ ከ1918 ጀምሮ ውሃቸውን በአንድ ድርጅት ሲያስተዳድሩ ማንም ማንንም አልጠቀለለም። ለሲልቨር ስፕሪንግ ደግሞ፥ ከንቲባ ባይሆን እንኳ፥ ያ አማካሪ ቦርድ በነዋሪው ድምፅ ቢመረጥና አክስቴም በዚያ ምርጫ ቢካፈሉ ካውንቲው የሚጎዳበት ነገር አይታየኝም።

ይህን ለአክስቴ በስልክ ሳነብላቸው ሳቁና «እስኪ እነርሱ እስኪሰሙህ እኔ ቴኮማ ፓርክ ቤት ልጠይቅ» አሉኝ። ጠየቁም፤ ባዶ የተገኘው ቤት ከያዙት ይልቅ ጠባብ ስለነበረ ተዉት። ልጃቸው ግን 18 ዓመት ሲሞላት ለካውንቲው ምርጫ እንድትመዘገብ ቀኑን በግድግዳ ላይ ጽፈውላታል።

ጽሑፌን ከመስጠቴ በፊት ላሸነፈችኝ ተማሪ አሳየኋት። ሁለት ጊዜ አንብባ ስትጨርስ «ይህ ሁሉ ከተማ ለሚፈልጋቸው መንደሮች ነው» አለች። በቴክሳስ በሜክሲኮ ጠረፍ አጠገብ ኮሎኒያ የሚባሉ፥ ብዙዎቹ የተጣራ ውሃና የቈሻሻ መውረጃ ሳይገባላቸው የኖሩ የድኆች ሰፈሮች አሉ። ከማዘጋጃ ቤት ወሰን ውጭ ናቸው፤ ግብራቸው አነስተኛ፥ ወጪያቸው ብዙ ስለሆነ ከተማ ሊጠቀልላቸው አይቸኩልም። «እነርሱ ጠቅልሉን ብለው ቢጠይቁና ከተማው እንቢ ቢልስ? ያንተ ሁለት ፈቃድ ያን ጊዜ ለማን ይጠቅማል?» አለችኝ።

አሁንም መልስ የለኝም። እኔ ዘንድሮ ትምህርቴን ስለምጨርስ፥ የ11ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው እርሷ በሚመጣው ዓመት መጽሔት ላይ እንድትጽፈው ቦታውን ትቼላታለሁ።